በሲሪንቃ አናት የሚያልፈው

ስሙኝማ! ግንቦት ሲጠባ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ ሲሪንቃ ላይ ደጅ የተኛ ሰው ቀጥ ብሎ ሽቅብ ቢያይ ምን ያያል? ኮከብ ያያል፣ ደመና ካለ ደመና። የማሽላ ገበሬውማ በዚያ ሰሞን ሰማዩን የሚያየው ለዝናብ ነው። ልክ ከአናቱ በላይ ግን፣ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ፈንጠር ብሎ፣ ሊቃውንት ሲያሳድዱት የኖሩት ጋላክሲ ያልፋል። ስሙ አፍ ያስራል፤ ቲጂኤስኤስ ጄ1530+1049። እኛ «ሩቁ» እንበለው።

ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ አጠገብ፣ ባለ 45 ሜትር ዲሾች አሉ፤ 30 ናቸው። በ150 ሜጋኸርዝ፣ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ጥቂት ከፍ ብለው፣ ሰማዩን አዳመጡላችሁ። ከ600 ሺህ በላይ የሬዲዮ ምንጭ ተመዘገበ። ከዚያ ሁሉ ሩቁን በምን ይለዩታል?

ወሬው እዚህ ላይ ይጥማል። ከወንዝ ማዶ ሰርግ ሲደገስ ከበሮው ይሰማል፣ ማሲንቆው ግን አይደርስም። የሩቅ ጋላክሲም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው፤ በዝቅተኛው ሞገድ ይጮኻል፣ ሞገዱ ከፍ ሲል ድምፁ ይጠፋል። (ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም፤ በጋላክሲው ነገር ምክንያት ላይ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ።) ተራው ምንጭ ከ150 ወደ 1400 ሜጋኸርዝ ሲኬድ ጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ሩቁ ግን አንድ ሃያኛውን እንኳ አላስቀረም!

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አዩሽ ሳክሴናና ባልደረቦቹ ይህን ፍንጭ ይዘው ሃዋይ ወዳለው የጄሚናይ ቴሌስኮፕ ሄዱ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ውጤቱን አወጡ፤ የብርሃኑ ሞገድ 6.7 እጥፍ ተለጥጧል፤ መለጠጡ በበዛ ቁጥር ርቀቱ ይበዛል። ከ1999 ጀምሮ የሩቅነትን ክብር ይዞ የቆየው ሌላው የሬዲዮ ጋላክሲ 6.2 እጥፍ ነበርና ተሸነፈ። ጉድ ተባለ።

ታዲያላችሁ ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መጣና ሩቁን አተኩሮ አየው። መለጠጡ 5 እጥፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሩቁ ቀረበ! ያም ቢሆን ብርሃኑ የተነሳው ፀሐያችን ከመፈጠሯ ከ7 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው። እኔ በበኩሌ ክብሩን ከተነጠቀ ወዲህ ይበልጥ ወደድኩት፤ ጆሮ ጠቆመ፣ ዓይን አረመ። አደኑም ቀጥሏል፤ አውስትራሊያ በርሃ ውስጥ የተተከሉት አንቴናዎች ከ72 እስከ 231 ሜጋኸርዝ ያለውን ሰማይ ቆጥረው፣ አሁን ድምፃቸው መሐል ላይ አብጦ በሁለቱም ወገን የሚወርድ ጋላክሲዎችን ጭምር እየለቀሙ ነው።