ሒላል ለምን ወፍራ ትታያለች?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየዓመቱ በየቤታችን ክርክር የሚያስነሳ ነው። የረመዷን ወይም የዒድ ጨረቃ ትታያለች። ሰው ሁሉ ከመግሪብ በኋላ ወደ ምዕራብ አንጋጦ ሳለ አንዱ ይነሳና፣ "ይቺማ የዛሬ አይደለችም፣ ወፍራለች፤ አንድ ቀን ጾም አስበልተውናል" ይላል። በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። ነገሩ በቀልድ ይጀምርና በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ጾሞ ሌላው አፍጥሮ እስኪውል ይደርሳል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በታቢዒዮች ዘመን ለዑምራ የወጡ ሰዎች በጥን ነኽላ በተባለ ስፍራ ሲያርፉ ሒላልን አዩ። ከፊሎቹ የሦስት ሌሊት ናት አሉ፣ ከፊሎቹ የሁለት ናት አሉ። ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ባገኙ ጊዜ እሳቸው የጠየቋቸው ስለ ውፍረቷ ሳይሆን በየትኛው ሌሊት እንዳዩዋት ነበር። የምትቆጠረውም ባዩዋት ሌሊት መሆኑን ነገሯቸው። ይህን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል።

ነገሩን ከሰማዩ በኩል ለመረዳት ጨረቃ ለምን እንደምትጎድልና እንደምትሞላ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው፣ ትምህርት ቤት የገባውም ጭምር፣ የመሬት ጥላ ይጋርዳታል ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑንም ያለ ምንም መሣሪያ ከደጃችን ቆመን ማረጋገጥ እንችላለን። በወሩ ሰባተኛ ሌሊት ገደማ፣ መግሪብ ሲደርስ፣ ግማሽ ጨረቃ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ፀሐይ በምዕራብ እየጠለቀች ነው፤ ስለዚህ የመሬት ጥላ የሚወድቀው ወደ ምሥራቅ ነው። ጨረቃ ያለችው ከጥላው ርቃ ነው፤ ግን ግማሿ ጨለማ ነው። የበራው ጎኗ ደግሞ ወደ ፀሐይ የዞረው ነው።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ሁልጊዜ ግማሽ አካሏ በፀሐይ ይበራል፤ የሚለዋወጠው እኛ ከዚያ ከበራው ግማሽ ምን ያህሉን እንደምናይ ነው። ማታ ልጆችን ሰብስባችሁ ፋኖስ ለኩሱና ብርቱካን በእጃችሁ ዘርግታችሁ ይዛችሁ ባላችሁበት ዙሩ። ብርቱካኑ በፋኖሱ በኩል ሲሆን ወደ እናንተ ያለው ፊቱ ይጨልማል። ትንሽ ዞር ስትሉ በጠርዙ ቀጭን ብርሃን ይወጣል፤ ሒላል እሷ ናት። ፋኖሱ ከጀርባችሁ ሲሆንና ብርቱካኑን ከራሳችሁ ከፍ ስታደርጉት ሙሉ ይሆናል።

ይህን ግሪኮች ቀድመው ያውቁት ነበር፤ በጥልቀት የመረመረው ግን በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ነው። እ.ኤ.አ በ1040 አካባቢ የሞተው ይህ ዓሊም ስለ ጨረቃ ብርሃን ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። በዚያ ድርሳን ጨረቃ እንደ መስታወት አታንጸባርቅም ይላል፤ በፀሐይ የበራው እያንዳንዱ የገጿ ነጥብ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይልካል። የተወለወለ መስታወት ብትሆን ኖሮ የምናየው አንዲት የምታበራ ነጥብ ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ወፍራሟ ሒላል እንመለስ። ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል ከምታልፍበት ቅጽበት እስከ ቀጣዩ ድረስ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። ወሩ አንዴ 29 አንዴ 30 የሚሆነው ስለዚህ ነው። ያ ቅጽበት በሸዕባን 29 ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ዋለ እንበል። የዚያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ገና የ6 ሰዓት ዕድሜ ስላላት የሚያያት ዓይን የለም። በማግሥቱ ግን የ30 ሰዓት ሆና፣ ደልበል ብላ፣ ከፍ ብላ ትወጣለች። ያቺ ወፍራም ጨረቃ የመጀመሪያዋ ሌሊት ናት፤ የተሰረቀ ቀን የለም። በሩቅ አገር ታይቶ እዚህ ሳይታይ ሲቀር ስላለው የፊቅህ ልዩነት ግን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን።

የጅማ ሰው ወሩን ከጨረቃ ጋር ያስተሳሰረው እስልምና ከገባ ወዲህ ብቻ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ "ጅኣ" ጨረቃም ወርም ነው። የአማርኛው "ወር"ም ጨረቃ ከሚለው "ወርኅ" ከሚል የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ቦረና ውስጥ አያንቱ የሚባሉት ቀን ቆጣሪዎች ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጋር እንደምትታይ እየተከታተሉ ወሩን ይለያሉ፤ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፋቸው ስለዚህ ጽፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስልምና በነጋዴዎችና በዑለማዎች አማካይነት ወደ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ ከ1830 ጀምሮ ጅማን የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋርም ሲሰልሙ፣ ጨረቃ አይቶ መጾም ለሕዝቡ እንግዳ ነገር አልነበረም ብለን እናምናለን።

የመሬት ጥላ በጨረቃ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ግን አለ፤ ግርዶሽ ነው። የጨረቃ መንገድ በ5 ዲግሪ ያህል ዘመም ያለ ስለሆነ በየወሩ አይደርስም፤ ሲደርስም ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ብቻ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከ80 ደቂቃ በላይ ቀልታ የቆየችው በረቢዐል አወል አጋማሽ ነበር። የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይመጣል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ጊዜ ፀሐይ ስትጋረድ፣ ሰዎች ለሞቱ ነው ሲሉ፣ እሳቸው ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ አስተምረዋል። ሊቃውንት ያንን ግርዶሽ እ.ኤ.አ ጥር 27 ቀን 632 ላይ ያደርጉታል፤ ሸዋል 29 ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ከወለጋ እስከ ላሊበላ ፀሐይን ቀለበት ያስመሰላት፣ ጅማም በከፊል የታየው ግርዶሽ የዋለውም ሸዋል 29 ቀን ነበር።

የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዷን ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ከ1992 እስከ 1995 ዓ.ም የጾምነው ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነበር። ከ2002 እስከ 2008 ደግሞ ክረምት ላይ ዋለ፤ ደመናው ሒላልን ሸፍኖ ሸዕባንን 30 መሙላት የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ወቅት ነው። ከ2023 ዓ.ም ጀምሮ ኢንሻአላህ እንደገና ለቀማው ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል።