የናፍጣ ሞተር ካቴና ሲበጠስ ምን ይደረጋል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ናረ። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው "ሸጬ ሌላ እገዛለሁ" ማለቱን ትቶ ያለውን መጠገን ግድ ሆኖበታል። ከጥገናዎች ሁሉ ኪስ የሚጎዳውና ክርክር የሚያበዛው መካኒኮች ካቴና የሚሉት የሞተር ሰንሰለት ሲበጠስ የሚመጣው ነው።

ጉዳዩን ለማየት ወረታ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ሲያልፍ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያው መንገድ ከዚያ ይገነጠላል። ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የፎገራ ሜዳ ተነስቶ በዓለም ሳጋ ደን በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና አርባ ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። የደከመ ሞተር ማንነቱ የሚታወቀው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

ካቴና፣ ቺንጋ ወይስ ማርሽ?

የመጀመሪያው ሥራ መኪናው የትኛው እንዳለው ማወቅ ነው። ሩዝ የሚያመላልሱት ኢሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር የጭነት መኪኖች በማርሽ የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ ችግር አያገኛቸውም። በ2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር የሚሠሩት የቶዮታ ሃይስና ሃይሉክስ፣ እንዲሁም ባለ 1ኤችዚ ሞተሩ ላንድ ክሩዘር ያላቸው የጎማ ቺንጋ ነው። ካቴና የሚገኘው በ1970ዎቹ በተሠሩት መርሴዲስ 240ዲ እና 300ዲ፣ በአሮጌው ባለ 2.25 ሊትር የላንድ ሮቨር ናፍጣ፣ እንዲሁም ዋይዲ 25 ሞተር ባለው የኒሳን ፒክአፕ ላይ ነው።

ቺንጋ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ይቀየራል፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣዎች 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራሉ። ካቴና ግን "የዕድሜ ልክ ነው" ስለሚባል የሚያስታውሰው የለም። በእውነቱ ካቴና በአንድ ቀን አይበጠስም። በቆሸሸ ዘይት መገጣጠሚያዎቹ እየተበሉ ይረዝማል፣ ወጣሪው አቅም ያጣል፣ የፕላስቲክ መሪዎቹ ይሰባበራሉ፤ መበጠሱ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ሲበጠስ ምን ይሆናል?

ካቴናው ክራንክ ሻፍቱን ከካም ሻፍቱ ጋር ያስተሳስራል፤ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። በመርሴዲሱና በኒሳኑ ላይ የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በእምቅ አየር ሙቀት በመሆኑ ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚተወው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ካሙ ሲቆም የተከፈቱት ቫልቮች እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ ፒስቶኑ መጥቶ ይመታቸዋል። ቫልቭ ይጎብጣል፣ የሮከር መያዣ ይሰበራል፣ ከባሰም የቫልቭ ራስ ተቆርጦ ፒስቶኑን ይበሳል።

መንገድ ላይ

ሞተሩ በድንገት ጠፍቶ ሞቶሪኖው ከወትሮው ቀልሎ ከዞረ፣ እንደገና መሞከር አይገባም። ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ የጎበጠ ቫልቭ የነበረውን ስምንት ያደርገዋል።

ሌላም አደጋ አለ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም፤ የኃይል መሪ ያለው ከሆነም መሪው ይከብዳል። ስለዚህ ከዓለም ሳጋ ቁልቁለት በገመድ እየተጎተቱ ወረታ ለመውረድ ማሰብ በነፍስ መጫወት ነው። መኪናው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ቢወርድ ይሻላል።

በክረምት ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ እንደሆነው፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ የጠፋ ሞተር ሁሉ ካቴናው ተበጥሷል ማለት አይደለም። በአየር ማስገቢያው የገባ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ስለማይታመቅ ቢዬላ ያጎብጣል። መካኒኩ ይህን ሳይለይ መፍታት የለበትም።

ጋራዥ ውስጥ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው "አዲስ ካቴና አስገብተን እንሞክረው" በሚለው አሠራር ነው። ካቴናውን መቀየር የጥገናው ትንሹ ክፍል ነው፤ ዋናው ለምን እንደተበጠሰና ምን ይዞ እንደሄደ ማወቅ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል።

አንደኛ፣ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ካም ሻፍቱና ሮከሮቹ ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ቴስታታው ይወርዳል፤ የቫልቮቹ ቀጥታነት፣ የመሪዎቻቸው ጤንነትና የቴስታታው መጣመም በቶርኖ ቤት ይለካል። ሦስተኛ፣ ፒስቶኖቹ ከላይ ይመረመራሉ፤ ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ መድረሳቸው ካልታየ ቢዬላ ጎብጧል ማለት ነው። አራተኛ፣ የዘይት ኮፓው ወርዶ የተሰበረ ብረትና ፕላስቲክ ይለቀማል፤ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ካልጸዳ አዲሱ ሞተር በዘይት እጦት ይሞታል። አምስተኛ፣ ካቴናው ከወጣሪው፣ ከመሪዎቹና ከጥርሶቹ ጋር አንድ ላይ ይቀየራል። በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና መግጠም ለወራት ብቻ መዋስ ነው።

ሲገጣጠም የፋብሪካው ምልክቶች ይገጥማሉ፤ የናፍጣ ፓምፑም ጊዜ ለብቻው ይስተካከላል። የቴስታታ ቡሎኖች በጉልበት ሳይሆን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በተሰጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሆናል። ከዚያ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። የሚነካ ነገር ካለ አያስገድዱም፤ ተመልሰው ይፈትሻሉ። በመጨረሻ ናፍጣው ተቋርጦ የዘይት ግፊት እስኪመጣ በሞቶሪኖ ይዞራል፤ አየር ከመስመሩ ይወጣና ይነሳል።

ይጠገን ወይስ ሞተር ይቀየር?

ጉዳቱ ቴስታታው ላይ ከቀረ መጠገን ያዋጣል። ፒስቶን፣ ሲሊንደርና ክራንክ ከተነኩ ግን ያገለገለ ሞተር ዋጋ ማነጻጸር ብልኅነት ነው። ሆኖም የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። በተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚተዳደረው ይህ ምዝገባ ሞተር ሲቀየር መስተካከል አለበት። የግዢውን ሰነድ ሳይይዙ ሞተር መግዛት ለቦሎም ለሽያጭም ጣጣ ያመጣል።

ስለ ውሉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 የሚደነግገው የሥራ ውል፣ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ አሠሪውም ዋጋ ሊከፍል የሚስማሙበት ነው። የመኪና ጥገና ከዚህ ይመደባል። በቁጥር 1719 መሠረት በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ግዴታ የለበትም፤ ግን ሞተር ከተፈታ በኋላ ማን ምን እንዳለ የሚያስረዳው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የምርመራው ዋጋ፣ ከታየ በኋላ የሚሠራውና የሚለወጠው ዝርዝር፣ የመለዋወጫው ማን ገዢነት፣ አሮጌዎቹ ክፍሎች ለባለቤቱ እንደሚመለሱ ይጻፍ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ዕቃ ቢዘገይ ምን እንደሚሆንም ቢገባበት ጥሩ ነው። ይህ መካኒኩን መጠራጠር አይደለም፤ ለእሱም መከታ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ካቴና ሳይበጠስ ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ከሞተሩ ፊት የሚሰማና ቶሎ የማይጠፋ የብረት መንቀጥቀጥ፣ አስቸጋሪ አነሳስ፣ የኃይል መቀነስ፣ ነጭ ጭስ የረዘመ ካቴና ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ይቀየር፤ የሩዝ ገለባ ብናኝና የበጋ አቧራ ባለበት ሜዳ የአየር ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ጊዜ የዘይት ዋጋ የሚከብደው ሰው የቴስታታውን ሒሳብ ሲያይ እንዴት እንደሚችለው ቀድሞ ማስላት አለበት።