የእንዶድ ጉዳይ፦ የኢትዮጵያ ተመራማሪ በዓለም አቀፉ ሳይንስ ደጃፍ



እዚህ አየር ጤና ተቀምጠን ከውጭ ጉባኤ «ጥናትዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰን ሰዎች፣ ከደብዳቤው በኋላ ያለውን መንገድ እናውቀዋለን። የምዝገባው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የቪዛው ቀጠሮ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ይደርሳል። እኔም አንድ ጊዜ ጽሑፌን ሌላ ሰው አንብቦልኛል። ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ ቪዛ ለማማረር አይደለም። ቪዛውንም፣ ትምህርቱንም፣ ዕውቅናውንም ያገኘ ሰው የሚጋፈጠው ሌላ በር አለ። እርሱን ለማሳየት የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ መርጫለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1964 አክሊሉ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። በዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወደ ታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከላይ በኩል ሕያዋኑን ሰብስበው በዕቃ አኖሩና ከሴቶቹ አንዷን አረፋውን ጠብ እንድታደርግበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ሴቶቹ በዘመናት ልማድ የያዙት ተክል፣ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገባውን ኬሚካል ሊተካ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዝርያዎች እያወዳደሩ «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአሜሪካው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተክሉ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገር ሳይቀር ለተመራማሪው ክብር «ለማቶክሲን» ተባለ።

ታዲያ እንዶድ ለምን በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም? በሩ የተዘጋው በመርዛማነት ምርመራ ላይ ነው። አገር ውስጥ የተሠራው ምርመራ በቂ አይደለም ተባለ፤ «መልካም የላቦራቶሪ አሠራር» በሚባለው ደንብ በሚመራ ቤተ ሙከራ መደገም ነበረበት። ይህ ደንብ በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው በ1979 ሲሆን፣ የበለጸጉት አገሮች ድርጅት የተቀበለው በ1981 ነው። የዓድዋው ሙከራ ከተጠናቀቀ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ደንቡን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በአገራችን አልነበረም፤ ውጭ ለማስመርመር ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ መገኘት ነበረበት። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ደገፈ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ላስቀምጥ። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነበር፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። በዚያው ዘመን ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መምጣቱም የቢልሃርዝያን ትግል ከቀንድ አውጣ ወደ ሕመምተኛው አዙሮታል። ስለዚህ ሁሉን በንቀት ብቻ ማስረዳት ታሪክን ማቅለል ነው። ሆኖም መስፈርቱን የሚያወጣው አንዱ ወገን፣ መስፈርቱን የሚያሟላበት መሣሪያም በእጁ ያለው ያው ወገን ሲሆን፣ ሌላው ለማኝ ከመሆን በቀር ምን ይቀረዋል? አክሊሉ ራሳቸው ከዶክተር ለገሠ ጋር በ1989 በስቶክሆልም የ«ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማትን ሲቀበሉ ያነሡት ይህንኑ ነው፤ የአፍሪካ ምርምር ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከእኛ ዘንድ ቁም ነገር ይወጣል ብሎ ለማመን መቸገርም ጭምር መሆኑን ተናገሩ።

ከሽልማቱ በኋላ የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የዜብራ ቅርፊት ለባሽ እንስሳት ተዛምተው የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍኑ ነበር። አክሊሉ ከኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እንዶድን ሞከሩባቸው፤ ሠራ። የፈጠራ መብቱ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ተመዘገበ፤ ባለመብቱም ዩኒቨርሲቲው ነበር። የዓድዋ ሴቶች በሰነዱ ላይ የሉም።