የአተላ ወተት፦ የኒውዮርክ የላም ጋጣዎችና የጠጪው እምነት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በኒውዮርክና በብሩክሊን ይጠጣ ከነበረው ወተት ብዙው የሚመጣው ከአረቄ ፋብሪካ ጓሮ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1820 ወደ 124,000 ይጠጋ የነበረው የኒውዮርክ ሕዝብ በ1860 ከ800,000 አልፏል። ከተማው ሲሰፋ ላም የሚሰማራበት ሜዳ ጠፋ፤ ድርቆሽ ከሩቅ ማስመጣት ውድ ሆነ፤ ወተቱን ራሱን ከገጠር በጋሪ ማምጣትም በበጋ ወራት መንገድ ላይ እያስኮመጠጠ አስቸገረ። በአንጻሩ እህል አብላልተው አረቄ የሚያወጡት ፋብሪካዎች በየቀኑ የሚወጣውን ትኩስ አተላ የሚጥሉበት አልነበራቸውም። ከፋብሪካው ጎን ጋጣ ሠርቶ ለወተት ነጋዴዎች በላም ቁጥር ማከራየትና አተላውንም አብሮ መሸጥ ለሁለቱም ወገን የሚያዋጣ ንግድ ሆነ።

አተላው ገና እንፋሎቱ ሳይበርድ በእንጨት አሽንዳ እየወረደ በላሞቹ ፊት ወደተዘረጋው ገንዳ ይፈስሳል። ላሞቹ ጣሪያቸው ዝቅ ባለ ረጃጅም የሳንቃ ቤቶች ውስጥ፣ መዞር እንኳ በማይችሉበት ጥበት፣ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። አንዴ የገባች ላም የምትወጣው ወተቷ ደርቆ ለቄራ ስትሸጥ ወይም ስትሞት ነው። አዲስ የመጣችው መጀመሪያ አተላውን አሽትታ ትተወዋለች፤ ሌላ የሚሰጣት ሲጠፋ ግን ትለምደዋለች። ቆይቶ ጥርሷ ይበሰብሳል፣ ሰኮናዋ ካለመራመድ ይረዝምና ይቆለመማል፣ ቆዳዋ ይቆስላል። አላቢው እበቱ መሃል ተቀምጦ፣ እጁንም የላሟንም ግት ሳያጥብ ያልባል።

አተላ በራሱ ለላም ክፉ መኖ አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የወተት ላም አርቢዎች የጠላና የአረቄ አተላ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም፣ ከድርቆሽና ከፉርሽካ ጋር አድርገው ዛሬም ይሰጣሉ፤ ፕሮቲን ስላለው ወተት ይጨምራል። ነገሩን የሚያበላሸው መጠኑና አሰጣጡ ነው። ላም የምታመሰኳ እንስሳ ናት፤ ጨጓራዋ በደንብ የሚሠራው ድርቆሽን ወይም ጭድን የመሰለ ሻካራ መኖ ሲያገኝ ነው። የኒውዮርክ ላሞች ግን በአብዛኛው አተላ ብቻ፣ ያውም ትኩሱን፣ እየተጋቱ ይኖሩ ነበር።

በዚህ ላይ ሳምባ የሚባለው ተላላፊ የከብት በሽታ ተጨመረ። በ1843 አንድ የብሩክሊን ወተት ነጋዴ ከእንግሊዝ ከመጣ መርከብ ላይ ላም ገዛ፤ በሽታውም ከእሷ ተነስቶ የተፋፈጉትን ጋጣዎች አዳረሰ። የቤልጅየሙ ሐኪም ሉዊ ቪለምስ በ1852 ከታመመ ከብት ሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ በጤነኛው ከብት ጅራት ጫፍ ላይ ቢከተብ በሽታውን እንደሚከላከል አሳወቀ። ዘዴው በጥንቃቄ ሲሠራ ይጠቅም ነበር። በአተላ ጋጣዎች ግን የሚሠራው በማንም እጅ፣ በቆሸሸ ቢላዋ ነበርና ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ጅራቱም እየበሰበሰ ይወድቃል። ቆራጣ ጅራት የእነዚህ ላሞች መለያ ሆነ። ሳምባ በአሜሪካ እስከ 1892 ድረስ ቆይቷል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በ1884 የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮን ሲያቋቁም አንዱ ዋና ዓላማው ይህንን በሽታ ማጥፋት ነበር።

ከእንዲህ ያለች ላም የሚታለበው ወተት ቀጭንና ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ ቢናጥ ቅቤ አይወጣውም። ነጋዴው ውሃ ይጨምርበትና የሳሳውን ለመሸፈን ጠመኔ፣ ጀሶ፣ ዱቄት ወይም ሞላሰስ ይቀላቅልበታል። ከ1842 ጀምሮ በኢሪ የባቡር መስመር ከኦሬንጅ ካውንቲ ደህና ወተት ወደ ከተማ መግባት ሲጀምር ስሙን ለመስረቅ ጊዜ አልፈጀም፦ የአተላውን ወተት የሚያመላልሱት ጋሪዎችም “ንጹሕ የገጠር ወተት”፣ “የኦሬንጅ ካውንቲ ወተት” የሚል ቀለም ተቀቡ። ጎረቤቱ ካለች ላም የሚገዛ ሰው ላሟን ያያል፣ አላቢውንም ያውቃል። የከተማዋ እናት ግን የምታየው ጋሪና ጣሳ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በወተት ንግድ የተነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ርቀት የመጣ ነው፤ ጠጪው የማያየውን በረት ማን ይይለት?

መጀመሪያ የጮኸው ሮበርት ሃርትሊ ነበር። ሃርትሊ የጸረ መጠጥ ንቅናቄ ሰው ነው፤ በ1842 ስለ ወተት ባሳተመው መጽሐፍ በኒውዮርክና በአካባቢዋ ወደ 10,000 የሚጠጉ ላሞች በአተላ እንደሚኖሩ ገምቶ፣ የሕፃናቱን ሞት ከዚህ ወተት ጋር አያይዞ ጻፈ። ለላሞቹ አዝኗል፤ ዋና ጠላቱ ግን አረቄው ነበር። አተላው ገዢ ካጣ የፋብሪካው ትርፍ ይጎድላል የሚል ስሌትም ነበረው። መጽሐፉ ተነበበ፣ ተወደሰም፤ ጋጣዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ነገሩን ያናወጠው በሜይ 1858 የፍራንክ ሌስሊ ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጣ የጀመረው ዘመቻ ነው። ሌስሊ ከጽሑፍ ይልቅ በሥዕል ነበር የሚያምነው። ሠዓሊዎቹን ወደ ጋጣዎቹ ላከ፤ ሪፖርተሮቹም ከጋጣው የሚወጡትን ጋሪዎች እየተከተሉ ወተቱ የሚደርስባቸውን ቤቶች አድራሻ መዝግበው አወጡ። አንባቢው በጋዜጣው ላይ የራሱን መንገድ ስም አገኘ። ከሥዕሎቹ መካከል ይበልጥ የታወሰው መቆም ያቃታት የታመመች ላም ከጣሪያ በወረደ ማንጠልጠያ ተደግፋ ስትታለብ የሚያሳየው ነው። ወተቱን ሕፃናት የሚጠጡት መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

የከተማው ምክር ቤት በአባሉ በማይክል ቱሚ የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ላከ። ጋዜጣው እንደከሰሰው፣ ባለጋጣዎቹ ኮሚቴው እንደሚመጣ አስቀድመው ሰምተው አጽድተው ጠበቁት። ኮሚቴውም የአተላው ወተት ጉዳት እንደሌለው፣ ጋጣዎቹም ትንሽ አየር ቢገባላቸውና ኖራ ቢቀቡ በቂ እንደሆነ ወሰነ። ሌስሊ በበኩሉ የምክር ቤቱን ሰዎች የኖራ ብሩሽ ይዘው ጋጣ ሲቀቡ ሥሎ አወጣቸው። ቱሚ በስም ማጥፋት ሊያስከስሰው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ኮሚቴው የሚታይ ነገር ሁሉ አይቷል፤ ችግሩ የላከው አካልና የተመረመረው አካል ወዳጆች መሆናቸው ነበር።

በ1859 የኒውዮርክ የሕክምና አካዳሚ ባቀረበው ሪፖርት ወተቱን ጎጂ አለው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪም በ1862 የተበላሸ ወተት መሸጥንና ላሞችን በተፋፈገ፣ ጤና በሚያጠፋ ቦታ ማኖርን ከለከለ፤ በ1864 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ በአረቄ አተላ የሚኖር ላም ወተት ያለ ሌላ ማስረጃ እንደ ብልሹ እንዲቆጠር ተደነገገ። ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው የበለጠ ብልህ ነው፤ ወተቱን በመመርመር ፈንታ ገንዳውን ማየት በቂ ሆነ። በ1866 ሄንሪ በርግ የአሜሪካን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ወኪሎች የክፍለ ግዛቱን የጭካኔ ሕግ የማስከበር ሥልጣን ስለነበራቸው ጋጣዎቹን በላሟ ስም መክሰስ ተቻለ። ያም ሆኖ የአተላ ጋጣዎች በአንድ ጊዜ አልጠፉም፤ ከመሃል ከተማ ወደ ዳር እየሸሹ ለዓመታት ቆዩ።

ከሕጉ ቀድሞ የሄደ ነጋዴም ነበር። ጌይል ቦርደን በ1856 የታመቀ ወተት አሠራር የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1858 የሌስሊ ዘመቻ ሲጦፍ የቦርደን ማስታወቂያ በዚያው ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር። ወተት የሚያቀርቡለት ገበሬዎች ከማለብ በፊት ግት እንዲያጥቡ፣ በረት እንዲያጸዱ፣ ማጥለያ ጨርቅ ጠዋትና ማታ በፈላ ውሃ እንዲቀቅሉ ያስገድድ ነበር፤ ደንቡ “የወተት ባለሙያ አሥርቱ ትእዛዛት” የሚል ስም ወጣለት። ያላከበረ ገበሬ ወተቱ አይወሰድለትም። ይህ የገዢ ደንብ ነው፤ ላሟ ንጹሕ የምትሆነው ጣሳው እንዲሸጥ ነው። ቢሆንም በጊዜው ከመንግሥት ምርመራ ይልቅ የሠራው እሱ ነበር።

እምነትን በወረቀት የማረጋገጥ አሠራር የመጣው ከኒውጀርሲ ነው። በ1893 የኒውአርኩ ሐኪም ሄንሪ ኮይት በኤሴክስ ካውንቲ የሐኪሞች የወተት ኮሚሽን አቋቋመ። ከኮሚሽኑ ጋር የተዋዋለ ባለላም በረቱንና ላሞቹን ለእንስሳት ሐኪም፣ ወተቱን ለኬሚስትና ለባክቴሪያ መርማሪ፣ ሠራተኞቹን ለሐኪም በየጊዜው ክፍት ያደርጋል። ለባለሙያዎቹ የሚከፍለው እሱ ቢሆንም የሚመርጣቸው ኮሚሽኑ ነው፤ ሪፖርታቸውም የሚደርሰው ለኮሚሽኑ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ10,000 በላይ ባክቴሪያ የተገኘበት ወተት ማረጋገጫውን አያገኝም። በዚሁ አሥርት ዓመት የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ለገበሬዎች ያሳተመው ደንብ ላሞችን አጣድፎ መንዳትን፣ መምታትንና ጮክ ብሎ መናገርን ሳይቀር ይከለክላል። የደነገጠች ላም ወተቷን እንደምትይዝ ማንኛዋም አላቢ ታውቃለች፤ መሥሪያ ቤቱ ያንን ዕውቀት ነው ደንብ ያደረገው።

የኮይት ወተት ጉድለት ዋጋው ነበር፤ ድሃ አይደፍረውም። በዚያው በ1893 ነጋዴው ናታን ስትራውስ በኒውዮርክ ለድሆች ልጆች በሙቀት የታከመ ወተት በርካሽ ማደል ጀመረ። ክርክሩ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ፦ ወተቱ ከበረቱ ንጹሕ ሆኖ ይውጣ ወይስ የመጣው ሁሉ ይሞቅ? ቺካጎ በ1908 ማሞቅን በሕግ ስታስገድድ በአሜሪካ ከታላላቅ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ኒውዮርክም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈውን ነቀርሳ (ቲቢ) ለማጥፋትም በ1917 አገር አቀፍ የላሞች ምርመራ ተጀመረ። ሕፃናቱ ዳኑ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ላሟ ግን ሳይታሰብ ጠበቃዋን አጣች። እስከዚያ ድረስ የታመመች ላም ማለት የታመመ ልጅ ማለት ስለነበረ በረቱን መመርመር የጠጪው ጉዳይ ነበር። ሙቀቱ ጀርሙን ሲገድል ላሟ በምን ሁኔታ እንደምትኖር መጠየቅ የሚያስገድድ ፍርሃት ጠፋ።

ጥያቄው እንደገና የተነሳው በእንግሊዝ ነው። ሩት ሃሪሰን በ1964 ባሳተመችው “አኒማል ማሽንስ” የተባለ መጽሐፍ የእንስሳት እርባታ ወደ ፋብሪካነት መለወጡን ስትገልጽ ከነካቻቸው ጉዳዮች አንዱ ለሥጋ ሲባል በጠባብ ሣጥን የሚያድጉት ጥጆች ነበሩ፤ እነሱም የወተት ላሞች ልጆች ናቸው። መንግሥት የብራምቤል ኮሚቴን አቋቁሞ በ1965 ሪፖርቱን ተቀበለ፤ ኮሚቴው ማንኛውም እንስሳ ቢያንስ መዞር፣ መተኛት፣ መነሳት፣ ገላውን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይቻለው አለ። በ1979 ይኸው ሐሳብ ሰፍቶ “አምስቱ ነጻነቶች” የተባለውን መልክ ያዘ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ስለ ወተት ላሞች ደኅንነት የተለየ ምዕራፍ በ2015 አጸደቀ።

በአሜሪካ ግን የበረቱን በር የከፈተው ካሜራ ነው። በጃንዋሪ 2008 አንድ የእንስሳት መብት ድርጅት በካሊፎርኒያ ቺኖ ከተማ በሚገኝ ቄራ በድብቅ የቀረጸውን ፊልም አወጣ፤ ወተታቸው ያለቀ፣ መቆም ያቃታቸው ላሞች በፎርክሊፍት እየተገፉ፣ በኤሌክትሪክ እየተነዱ ወደ መታረጃው ሲወሰዱ ይታይ ነበር። ሥጋው ለትምህርት ቤቶች ምሳ ጭምር ይቀርብ ስለነበረ 143 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 65,000 ቶን፣ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በቄራው ውስጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። በ2009 መቆም የማይችል ከብት ለምግብ እንዳይታረድ ተከለከለ፤ የአገሪቱ የወተት አምራቾች ማኅበርም በዚያው ዓመት “ፋርም” የተባለውን የላም አያያዝ መለኪያ ጀመረ። መለኪያው ከጊዜ ጊዜ ጠብቋል፤ የላም ጅራት መቁረጥ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ተከልክሏል። ግምገማው በእያንዳንዱ እርሻ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከባለላሙ ጋር በተያዘ ቀጠሮ ይደረጋል፤ ገምጋሚውን የሚልከው ብዙውን ጊዜ ወተቱን የሚገዛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ፋብሪካ ነው። ከሁለቱም ውጭ የሆነ አጣሪ የሚያየው በናሙና የተመረጡ እርሻዎችን ብቻ ሲሆን፣ የእንስሳት ተከራካሪዎች ዛሬም የሚያነሱት ቅሬታ ይኸው ነው።