ቅጂልኝ

መለያ ያልተጻፈበት አንድ ካሴት አለኝ። ጂማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ሠርግ ዳስ ውስጥ የጊታር ባንድ ሲጫወት፣ ቴፑን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው የቀዳው ነው። ድምፁ ክፉኛ ተበላሽቷል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ይሰምጣል፤ ከበሮው ጋብ ሲል ደግሞ ሹሹታው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ የጂማ ዝናብ ከፍ ይላል። ድምፅ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ስለነበር ጊታሩ ሻክሮ ነው የሚጮኸው። የሮክ ጊታሪስቶች ይህንኑ መሻከር ፍለጋ ለብቻው መሣሪያ ይገዛሉ፤ እዚያ ዳስ ውስጥ ግን ያሻከረው የደከመ ስፒከር ነበር።

በሁለተኛው ገጽ መሃል፣ ጊታሩ ብቻውን ወጥቶ ሲጫወት፣ ከቴፑ አጠገብ አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ «ወራባ ጂርታ?» ብሎ ይጠይቃል። እየቀዳህ ነው? ማለቱ ነው። መልሱ አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ በአማርኛ «ለእኔም ቅጂልኝ» ይላል፤ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ፣ ቡናው ከጀበናው ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ ጊታሩ ይመለሳል።

ይህችን አንዲት ደቂቃ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እሷ ውስጥ አለ። ቴፕ የያዘው ሰው ይቀዳል፤ ጀበና የያዘችውም ትቀዳለች።

«ቀዳ» የግዕዙ «ቀድሐ» ልጅ ነው፤ ውሃ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ፣ ከወንዝ በዕቃ አወጣ ማለት ነው። አማርኛ መጨረሻ ላይ ያለችውን ሐ ዋጣት፤ «ፈትሐ» ብሎ «ፈታ»፣ «በልዐ» ብሎ «በላ» እንዳለው ሁሉ። በዐረብኛ «ቀደሕ» ዋንጫ፣ መጠጫ ነው፤ ሥሩ ከዕቃና ከፈሳሽ ጋር ከጥንትም ዝምድና አለው። የ«ደ»ን ድምፅ ወደ ጅ መለወጥ የአማርኛ ልማድ ነው፦ ከወለደ ወላጅ፣ ከፈረደ ፈራጅ፣ ከአረደ አራጅ። እንደዚያው ከቀዳ ውሃ ቀጂ፣ ጠላ ቀጂ፣ እና «ቅጂ» ወጡ። ቅጂ የሚለውን ስም ስትጽፉት፣ ለሴት የሚሰጠውን «ቅጂ» የሚል ትእዛዝ ፊደል በፊደል ጻፋችሁ። ልዩነቱን የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው።

ቃሉ ከፈሳሽ ወደ ጽሑፍ የተሻገረው ቴፕ ከመምጣቱ በፊት ነው። መጽሐፍ ቀዳ ይባላል፤ አንዱ ብራና ላይ ያለው ወደ ሌላው ብራና ሲወርድ። እዚህ ላይ ቃሉ የያዘውን ሐሳብ ልብ በሉ፦ ምንጩ አይጎድልም። ከእንስራ ወደ ዋንጫ ስትቀዳ እንስራው ይጎድላል፤ ከወንዝ ስትቀዳ ግን ወንዙ ወንዝ እንደሆነ ይቀራል። ቅጂ ማለት የወንዙ ዓይነት መቅዳት ነው። ጎን ለጎን «ገለበጠ»ም አለ፤ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ የተሞላ ዕቃ ይገለበጣል፣ አንደኛው ገጽ ያለቀ ካሴትም ይገለበጣል። እሱ ግን ባለብዙ ሥራ ቃል ነው።

ሠርጉ የነበረበት ቦታ ስም፣ ኪቶ፣ ራሱ የወንዝ ስም ነው፤ እንደ አዌቱ ከጂማ ጅረቶች አንዱ። ፉርዲሳ የሚለው ክፍል ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ፉርዳ፣ ወፍራም፣ ከሚለው ጋር ይዛመዳል፤ ፉርዲሱ ማለት ማወፈር ነው። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው የጂማ ዩኒቨርሲቲን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ኦሮምኛውም የመቅዳትን ቃል ከወንዙ አላራቀም። «ወራቡ» ውሃ መቅዳት ነው፤ «ሰገሌ ወራቡ» ድምፅ መቅዳት። ካሴቱ ውስጥ «ወራባ ጂርታ?» ያለው ሰው የተናገረው ይህንኑ ግስ ነው። ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ሴማዊ ሌላው ኩሻዊ፣ ከአንድ ጅረት ዳር ቆመው ለቴፕ ሥራ የመረጡት ግስ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ቡናው ላይ ነው፦ ኦሮምኛ ቡናን «ናቁ» በሚል ሌላ ግስ ያወርዳል፤ አማርኛ ለወንዙም ለጀበናውም ለካሴቱም በአንዷ ቀዳ ይበቃዋል። ስለዚህ «ቅጂልኝ» ያለው ሰው በኦሮምኛ ቢናገር ኖሮ፣ ካሴቱ ላይ ያ ግጥምጥሞሽ አይገኝም ነበር።

ጀበና ሸክላ ነው። ሙዚቃ የሚታተምበትም ክብ ነገር በአማርኛ «ሸክላ» ነው። ለዚህ ስም ሁለት ታሪክ ይነገራል። የድሮዎቹ ሸክላዎች የሚሠሩት ሼላክ ከሚባል፣ በነፍሳት ከሚመነጭ ሙጫ ነበር፤ ድምፁ ለሸክላ ስለቀረበ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ስለሚሰበር ነው ይላሉ። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው። የባዕዱን ስም የሰማ ጆሮ ጥቂት ነው፤ መሬት ላይ ወድቆ ሲሰበር ያየ ዓይን ግን ብዙ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ያኖሩበት ሸክላ ተሰባሪ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ሲጀምር ዕቃው ቪኒል ሆኗል፤ እንደ ድሮው አይሰበርም፣ ስሙ ግን ሸክላ እንደተባለ ቀረ። እና ሰው ካሴት ቤት ሄዶ «ከሸክላ ቅዳልኝ» ሲል፣ ጀበና ፊት የሚናገረውን አማርኛ ነበር የሚናገረው።

ካሴት ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትንሽ ሣጥን። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ሣጥን ውስጥ ያለውን ቀጭን ፊልም ግን ሕዝቡ «ክር» አለው፤ ክር ደግሞ የፈታይ ሴቶች ቃል ነው። ስለዚህ ሲላላ ይጠነጠናል፤ በእስክሪብቶ፣ ጥርሱን ከጥርሱ አጋጥሞ፣ በጣት እያዞሩ። ሲጠመጠም «ቴፑ በላው» ይባላል፤ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም የሚቀጥሉት ነበሩ። የክሩ ስፋት አራት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድ የሚሄደው 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ የስቱዲዮ ትልልቅ ክሮች 38 ሳንቲሜትር ይሄዱ ነበር። ክሩ ቀስ ባለ ቁጥር የድምፁ ጥቃቅን ነገር የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

የሠርጉ ቴፕ ለምን እንዲያ እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። እነዚያ ቴፖች የድምፅን መጠን በራሳቸው ያስተካክሉ ነበር፦ ከበሮ ሲመታ ሁሉን ይጫናሉ፣ ጸጥ ሲል ሁሉን ያነሳሉ፤ ሹሹታው የሚተነፍስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ወደ መጨረሻው ዘፋኙ ድምፁ ቀጥኖ እንደ ልጅ ይሆናል። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ክሩ ሲቀዳ ዘግይቷል፤ በደህና ቴፕ ስታሰሙት ይፈጥናል ማለት ነው። የእኔ ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነው፤ በየተቀዳው ሹሹታው በላይ በላይ ይጨመራል። ከወንዝ የቀዳ ከውሃው ጋር አሸዋም ያወጣል።

እንግሊዝኛ በስውር ለተቀዳ ሙዚቃ «ቡትሌግ» ይላል፤ የቦት ጫማ ቅልጥም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ አረቄ የሚያሻግሩ ሰዎች ጠርሙሱን በረጅም ቦት ጫማቸው ውስጥ ይሸሽጉ ነበር። ሕገወጥ መጠጥ ቡትሌግ ተባለ፤ ቃሉ ቆይቶ ወደ ሙዚቃ ተሻገረ። እነሱም ከመጠጥ ነው የተነሱት። ግን እነሱ ያዩት መደበቁን ነው፤ እኛ ያየነው መቅዳቱን። ይህን ልዩነት እወደዋለሁ፤ በቃላችን ውስጥ ሌባ የለም።

ሮከኞቹ ራሳቸው ይህን የተበላሸ ድምፅ ያከበሩበት ጊዜ አለ። የዘ ሁ ባንድ አባላት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ዝግጅት ሲያወጡ፣ ሽፋኑ ተራ ቡናማ ካርቶን፣ ማኅተም የተመታበት፣ ልክ እንደ ቡትሌግ ነበር። ሸክላው ላይም የሚንቃቃው ድምፅ ደህና ነው፣ አታስተካክሉት የሚል ማሳሰቢያ አለ። ኪንግ ክሪምሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት «ኧርዝባውንድ» አልበም የተቀረጸው ካሴት ላይ ነው፤ እንደ ሠርጉ ቴፕ። ኩባንያቸው ድምፁ አይመጥንም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሳያወጣው ቀረ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ባስ ጊታሩ ክፍሉን ሲያናውጥ ሰው መሃል የቆምኩ መስሎኛል።

«የተቀረጸው» አልኩ። ሁለተኛው ግስ ይኸው ነው፤ መንግሥትና ስቱዲዮ የመረጡት። «ቀረጸ» በግዕዝ በድንጋይ፣ በእንጨት ላይ ፈለፈለ ነው፤ መስቀል ይቀረጻል፣ ሐውልት ይቀረጻል። ግዕዙ ጸ ያለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ይለዋል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም ይሆናል። ቀረጸም በዚያው መንገድ «ቀረጠ» ሆኖ ቆረጠ፣ ከፈለ የሚል ትርጉም ይዟል፤ ከዚያ «ቀረጥ» ወጣ። አንዱ ወንድም ስቱዲዮ ገባ፣ ሌላው ጉምሩክ። ለሸክላ ቀረጸ እውነተኛ ቃል ነው፦ መርፌው በእርግጥ ቦይ ይፈለፍላል። ለካሴት ግን ምንም የሚፈለፈል የለም፤ ብናኝ ብረት ይደረደራል እንጂ። ያም ሆኖ ቃሉ ክብር አለው፤ «ቀረጻ» ሲባል ጸጥታ፣ የተዘጋ በር፣ ሰዓት እያየ የሚጠብቅ ሰው ይታሰባል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ግን ለባለመብቱ የተሰጠው ስም «የቅጂ መብት» ነው እንጂ የቀረጻ መብት አይደለም። ሕግ አርቃቂው እንኳ ወደ ወንዙ ወርዷል።

ስለዚህ የሠርጉን ካሴት «መጥፎ ቀረጻ» ሲሉብኝ አልስማማም። ቀረጻ አይደለም። ማንም ምንም አልቀረጸበትም፤ ሰውየው ከሚፈሰው ነገር በያዘው ዕቃ የቻለውን ያህል ቀዳ። ቀረጻ ብትሉት ጠያቂው ሰው፣ ሲኒው፣ ሹሹታው ሁሉ ጥፋት ይሆናሉ። ቅጂ ብትሉት የዚያ ቀን ውሃ ናቸው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ አማርኛ ሮክ በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ጠርቶ፣ ተመዝኖ ተሰማ፤ ያ ቀረጻ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ሐውልትን ከእንስራ ጋር ነው የሚያወዳድረው። የሙዚቀኛው ሃይሉ መርጊያ አንድ እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ሻጭ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዓለም ዳግም የታተመው፣ አንድ ሰው በክሩ ውስጥ ያለውን ከክሩ ጉድለት ለይቶ መስማት ስለቻለ ነው።

ባለፈው ክረምት ካሴቱን ወደ ፍላሽ ለማዛወር ኪቶ ፉርዲሳ ከተማሪዎቹ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ካሴቱን ገልብጦ አየው፣ በትንሽ ጣቱ የጥርሱን ቀዳዳ ነካ። «ቅዳልኝ» አልኩት። «ምን ላይ ልጫንልዎት?» አለኝ።

ጫነ የበቅሎ ቃል ነው። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና በጆንያ ሲመጣ ይጫናል፣ ሲደርስ ይወርዳል። አሁን ዘፈን ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ይጫናል። አዲሱ ቃል የነጋዴ መንገድ ቃል ነው፤ የተጫነው ቁጥሩ አይጎድልም፣ አንድ ጆንያ እንደተጫነ አንድ ጆንያ ይወርዳል፤ ሹሹታ አይጨመርበትም። ልጁ ትክክል ነው።

ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ አስጀመረው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ሲደርስ ፈገግ አለና ማዳመጫውን አወለቀ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቡና የምትቀዳዋን ልቁረጣት?» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት።