የንጣፍ ልክ በሀዲያና በከምባታ ቤቶች

ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ምንጣፍ ሊገዛ የወጣ ሰው የሳሎኑን ስፋት ለክቶ ይሄዳል። ሁለት በሦስት፣ ሦስት በአራት እያለ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላለትን ይመርጣል። ይህ አለካክ በሀዲያና በከምባታ አገር የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ንጣፍ የሚለካው በሚቀመጥበትና በሚተኛበት ሰው ነበር፤ ቤቱ ምን ያህል ይሰፋል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ብዙዎች ይህን የድህነት ዘመን ልማድ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን አነስተኛው ንጣፍ ከቤቱ አሠራር የመነጨ ዕውቀት ነበር፣ ዛሬ ባለ አራት ማዕዘን ሳሎን ለሠራ ሰውም ያገለግላል ባይ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤቱ ነው። የሀዲያም የከምባታም ነባር ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨት፣ ክዳኑ ሣር። በውስጡ የሚያድረው ደግሞ ሰው ብቻ አልነበረም። የወለሉ አንዱ ወገን የከብት ማደሪያ ነው። ከብቱ ቤት የሚገባው ከሌባና ከአውሬ እንዲጠበቅ፣ ትንፋሹም ቤቱን እንዲያሞቅ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን እበቱ ነው። እንሰት ያለ ፍግ አያምርም፤ በየማለዳው ከቤት የሚጠረገው እበት ወደ ጓሮ ሄዶ ተክሉን ያፋፋል፣ ተክሉም ቤተሰቡን ይመግባል። ሰው በሚኖርበት ወገን ደግሞ ምድጃ አለ፤ በምድጃው ዙሪያ የእሳት ፍንጣሪ የማይደርስበት ባዶ ቦታ መተው ግድ ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለንጣፍ የሚተርፈው ከወለሉ ግማሽ ያነሰ፣ ጠርዙ እንደ ግድግዳው የተጠማዘዘ ስፍራ ነው። ክብ ቤት ጥግ የለውም፤ ትልቅ አራት ማዕዘን ንጣፍ ቢዘረጋበት አንዱ ጫፍ እሳት ይነካል፣ ሌላው በግድግዳው ታጥፎ ይቀራል። የአየሩም ጠባይ አለ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅም፣ መሬቷ እርጥብ ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል ላይ የሚውል ንጣፍ በየጊዜው ተነሥቶ ፀሐይ ካልመታው ይሻግታል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ጠቅልሎ ሊያቆመው የሚችል መሆን ነበረበት።

ዕቃውም ከዚሁ ጋር ይስማማ ነበር። ሴቶች ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ ቃጫው በተጓዳኝ ይወጣል፤ ከቃጫው ገመድ ይገመዳል፣ ከደረቀው የእንሰት ልጣጭ ደግሞ ጅባ ይሠራል። የበሰለ እንሰት ግንድ ቁመቱ ከ2 እስከ 5 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከእሱ የሚላጠው ለአንድ ሰው መኝታ የሚሆን ርዝመት ያለ ችግር ይሰጣል። ከዚያ የቀረው ቁርበት ነው፤ የበሬ ጀንዲ ለመኝታ፣ የበግ አጎዛ ለክብር እንግዳ። የቁርበት ልክ የእንስሳው ልክ ነውና ማንም ሊያሰፋው አይችልም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ በግ ሱፍ ይሰጣል፤ ሱፍ ደግሞ ተፈትሎ በሸማኔ እጅ የተፈለገውን ያህል ይሰፋል። በደብረ ብርሃን አካባቢ የሱፍ ሥራ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። በሀዲያና በከምባታ ግን በግ የሚረባው ለሥጋው ነው፤ ዝነኛው የዶዮገና በግም ቢሆን የሥጋ በግ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሰው ትንሽ ንጣፍ የያዘው ትልቅ መግዣ ስላጣ ነው፣ ገንዘብ ሲገኝ ምንጣፉም ሰፋ የሚል። ይህን ክርክር የሀዲያ የራሱ ባህል ይመልሰዋል። በሀዲያ መቶ ከብት የሞላለት ሰው ደግሶ ትቢማ የሚባል ማዕረግ ያገኝ ነበር፤ ሺህ የሞላለት ደግሞ ኩሚማ ይባላል። ለእንዲህ ያለው ባለጸጋ ቁርበት ብርቅ አልነበረም፤ ቢፈልግ ወለሉን በጀንዲ ላይ ጀንዲ ደርቦ ሊሸፍነው ይችል ነበር። ሀብቱ የሚታየው ግን በበረቱ፣ በድግሱና በሚያበላው ሰው ብዛት ነው። እንዲያውም ከብቱ በበዛ ቁጥር ቤት የሚገባውም ይበዛልና ለሰው የሚቀረው ወለል አይሰፋም። ድህነት ቢሆን ኖሮ ባለጸጋው ከድሃው የተለየ ሰፊ ንጣፍ ይኖረው ነበር፤ እሱ የሚለየው ግን እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ በሚያነጥፈው ቁርበት ብዛት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከታሪክ የሚነሣ ነው። ጀርመናዊው አጥኚ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የሀዲያ ታሪክ እንዳሳየው፣ ሀዲያ ለረጅም ዘመን ከብት አርቢና ተንቀሳቃሽ ሕዝብ ነበር፤ በአሁኑ አገሩ ሰፍሮ እንሰት ወደ መትከል የገባው በኋላ ነው። ተንቀሳቃሽ ሰው ቀላል ዕቃ ይወዳል፤ እንግዲያስ ትንሹ ንጣፍ የዘላንነት ቅሪት ሊሆን አይችልም ወይ? ጥያቄው ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ጎረቤቱን ከምባታን እንይ። ከምባታ በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ ተጠጋግቶ የሰፈረ፣ ከጥንት ጀምሮ እንሰት የሚተክል ገበሬ ነው፤ ንጣፉ ግን እንደ ሀዲያ ትንሽና ተጠቅላይ ነው። የሁለቱ ሕዝቦች ያለፈ ኑሮ ይለያያል፤ ክቡ ቤት፣ ምድጃው፣ እንሰቱና ቤት ገብቶ የሚያድረው ከብት ግን የጋራቸው ነው። ምክንያቱን መፈለግ ያለብን በጋራቸው ውስጥ ነው።

ለውጡም የመጣው ቤቱ ሲለወጥ ነው። ዋቸሞ ይባል በነበረው ስፍራ ሆሳዕና ከተቆረቆረች በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ባለ ማዕዘን ሆነው ይሠሩ ጀመር። በ1920 ዓ.ም. አካባቢ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት የመጡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎችም ሆሳዕና ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ከዚያ ቆርቆሮ ተስፋፋ፤ ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። የቤት መጠንም ባለ 40፣ ባለ 60 ቆርቆሮ እየተባለ ይነገር ጀመር። ለገጠሩ ወለል ግን ከሁሉም በላይ ትልቁ ለውጥ ከብቱ መውጣቱ ይመስለኛል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሰውና ከብት ማደሪያቸው እንዲለይ ቤት ለቤት አስተማረ፤ ለዘመናት የከብት የነበረው የወለል ክፍል ለሰው ተለቀቀ። በዚያው ሰሞን ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መፍለስ በዝቶ ነበር፤ በሚልኩት ገንዘብ ሰፋፊ ሳሎን ያላቸው ቤቶች በሆሳዕና ተሠሩ። ባዶውን ሲሚንቶ ለመሸፈን መጀመሪያ በሜትር የሚቆረጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ገባ፣ ቀጥሎ የቱርኩ። በሜትር የሚሸጥ ነገር ሲመጣ ክፍሉ መለኪያ ሆነ።

ዛሬ ወለሉን ሁሉ መሸፈን ይሻላል የሚሉ ሰዎች አንድ እውነተኛ ምክንያት አላቸው፤ ብርድ። በሆሳዕና የክረምት ሌሊት ሲሚንቶ እግር ይቆረጥማል፤ ለመኝታ ቤት፣ በተለይ ሕፃን ለሚድህበት፣ ሙሉ ሽፋን ተገቢ ነው። ሳሎን ግን የራሱ ምድጃ አለው፤ ቡና ይፈላበታል። የፋብሪካው ምንጣፍ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ አንድ ፍም ቢወድቅበት ይቀልጣል። በር አጠገብም የክረምት ጭቃ አለ፣ የሚወልቅ ጫማ አለ። በክቡ ቤት ለእሳትና ለመተላለፊያ የሚተወው ባዶ ወለል በአዲሱም ቤት ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ከግድግዳው በፊት መቀመጫውን ለኩ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ጥልቀታቸው 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶፋዎች ቢቀመጡ፣ በመካከል የሚቀረው 2.2 ሜትር ነው። የሶፋዎቹ የፊት እግሮች ምንጣፉን እንዲረግጡ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 2.5 ይሆናል። በርዝመቱ ለበርና ለረከቦት 1.5 ሜትር ተዉ፤ 3.5 ይቀራል። እንዲህ ላለው ሳሎን 2.5 በ3.5 ምንጣፍ በቂ ነው፤ ባለሱቁ 3 በ4 ውሰዱ ቢላችሁ እንኳ ልካችሁን አትልቀቁ።