ዋናተኛውና ካሜራው

ዛሬ ላንጋኖ የወረደ ወጣት ጀንበር ስታዘቀዝቅ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባና ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱንና ጓደኞቹን ያነሳል። ለዚህች አንዲት ምስል ሰው ስንት ዓመት እንደለፋ፣ ስንቱስ እንደተወገዘ ልብ የሚል ጥቂት ነው። የዋናተኞችን ፎቶግራፎች ታሪክ ስመረምር ግን ከመሣሪያው መራቀቅ ይልቅ ደጋግማ የምትመጣብኝ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ፎቶግራፍ አንሺው የቆመው የት ነው? ደረቅ መሬት ላይ ወይስ ውሃው ውስጥ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃ አይቆምም፤ የጥንቱ ካሜራ ደግሞ ከማይቆም ነገር ጋር አይስማማም ነበር። እስከ 1870ዎቹ ድረስ ፎቶግራፍ አንሺው የመስታወት ሰሌዳውን መድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረበት። ድንኳኑንና ጠርሙሶቹን ተሸክሞ ወንዝ ዳር ቢወርድ እንኳ፣ ሰሌዳው ብርሃኑን እስኪቀበል ሴኮንዶች ስለሚፈጅ፣ የሚዋኘው ሰው ጉም መስሎ ይቀራል። ምሽትማ አይታሰብም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 የጄላቲኑን ደረቅ ሰሌዳ ካስተዋወቀ በኋላ ግን፣ በተለይም በዚያው አሥርት ዓመታት ማብቂያ ላይ ሰሌዳው ፈጣን ሲሆን፣ ከሴኮንድ ያነሰ ጊዜ በቃ። ዋናተኛውም በፎቶግራፍ ላይ ፊት ኖረው።

ፊት በኖረው ማግስት ጠብ ተነሳ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ዊትቢ በምትባል የወደብ ከተማ ፎቶ ቤት የነበረው ፍራንክ ሜዶው ሰትክሊፍ በ1886 ጀልባ ከበው ራቁታቸውን በውሃ የሚጫወቱ ልጆችን አነሳ። ሥራውንም «የውሃ አይጦች» ሲል ሰየመው። የአካባቢው ካህናት «ሴቶችን ያባልጋል» ብለው እንዳወገዙት ይነገራል። በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ ተብለው የነገሡት አልጋ ወራሽ ደግሞ ተለቅ ያለ ቅጂ ገዙት። እንግዲህ ካህናቱ ስለ ሴቶች ሥነ ምግባር ተቆጡ፤ አልጋ ወራሹ ስለ ጥበቡ ተደሰቱ። ስለ ልጆቹ ያሰበ ግን ያለ አይመስልም። ከነሱ ወገን ለታሪክ የተረፈው «አይጦች» የሚለው መጠሪያ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአትላንቲክ ማዶ፣ የፊላደልፊያው ሠዓሊ ቶማስ ኢኪንስ በፔንሲልቬኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተምር ነበር። በ1884 ከተማሪዎቹ ጋር ብሪን ማር አጠገብ ወዳለ ሐይቅ ወርዶ ሲዋኙ ፎቶግራፍ አነሳቸው። በዓመቱ «ዋና» የተባለውን ታዋቂ ሥዕሉን ጨረሰ። በሥዕሉ ላይ ተማሪዎቹ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠውና ቆመው፣ አንዱም ሲጠልቅ ይታያል፤ ከታች በስተቀኝ በኩል ኢኪንስ ራሱ እየዋኘ ወደነሱ ይመጣል። ሥዕሉን ያዘዘው የአካዳሚው ባለሥልጣን አልቀበልም ብሎ በሌላ ሥዕል አስለወጠው። በ1886 ኢኪንስ ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴል መሸፈኛ ጨርቅ በማንሳቱ ከማስተማር ሥራው እንዲለቅ ተደረገ።

ኢኪንስ ከሰትክሊፍ የሚለየው ውሃው ውስጥ ራሱን በመጨመሩ ነው። ያየሁትን ብቻ ሳይሆን የሆንኩትን ላሳያችሁ ያለ ይመስላል። ሆኖም ይህ ብቻውን ነፃ አያወጣውም። መምህር ልብሱን አውልቆ ወደ ውሃ ሲገባና ካሜራ ሲደቅን፣ ተማሪው «እኔ አልነሳም» ለማለት ምን ያህል አቅም አለው? ጥያቄው ከ100 ዓመት በኋላም አላረጀም።

ካሜራውን ይዞ በእርግጥ ወደ ውሃው የጠለቀው ሠዓሊ ሳይሆን የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን በ1893 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ባኒዩልስ ሱር ሜር በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ ወንድሙ ኦገስት የነደፈለትን ውሃ የማያስገባ ሣጥን ይዞ ወረደ። አንዳንዱ ምስል እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ብርሃን ሲያንሰው የማግኒዚየም መብራት አሠርቶ ሞከረ። ለአንድ ምስል ይህን ያህል መታገስን ለዛሬው ባለ ስልክ ማን ያስረዳው?

ልቤን ከሁሉ አብልጦ የሚነካው ግን የአንድሬ ከርቴስ ሥራ ነው። ሀንጋሪያዊው ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 ቆሰለ። ኤስተርጎም በምትባል ከተማ ሲያገግም፣ በ1917 በጋ፣ እኛ ዘንድ ክረምት በሆነበት ወራት፣ ከመዋኛው ዳር ቆሞ ከውሃው በታች የሚንሸራተት ዋናተኛ አነሳ። ገላው በውሃው ረዝሞ፣ በብርሃን ሞገድ ተሸንትሮ ይታያል። ከርቴስ የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ሆኖም ስለ ቁስል የሚያውቅ ሰው ነው። ጥይት ገላን ሲያበላሽ ያየ ዓይን፣ ውሃ ያለ ሕመም ገላን እንደሚለውጥ ማየቱ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1933 በጠማማ መስታወቶች የሠራቸው ታዋቂ ምስሎች ዘራቸው ከዚህ ነው።

በ1930 ደግሞ ጆርጅ ሆይኒንገን ሁነ ለቮግ መጽሔት የዋና ልብስ የለበሱ ወንድና ሴት ጀርባቸውን ሰጥተው አድማስ ሲመለከቱ አነሳ። ተመልካች ሁሉ ባሕር ያያል። ነገር ግን ቦታው የመጽሔቱ የፓሪስ ስቱዲዮ ጣራ ነው፤ ጠብታ ውሃ የለም። ጥበቡን አደንቃለሁ። ጥንዶቹ ግን ለመታየት የተቀመጡ እንጂ ሊዋኙ የመጡ አይደሉም።

ዛሬ የመሣሪያው ችግር ተቃሏል። ውሃ የማያስገባ ስልክ በየእጁ አለ፤ ምሽቱም ቢሆን ከካሜራ አያመልጥም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ውሃው ውስጥ መግባቱ ብቻ እንደ ድሮው የወዳጅነት ምልክት አይሆንም። ከጀርባው የምትዋኘው ልጅ ምስሏ ሳታውቀው በዚያው ሌሊት ሺህ ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ «ላንሳሽ?» ማለት ነው። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ ስልኩን ዳር አስቀምጦ መዋኘት ነው።